በጁገል የድንጋይ ቤት ዋይፋይ ከአንድ ክፍል አልወጣ አለ፤ ሪፒተር ይሻላል ወይስ ሌላ መላ አለ?

የሸዋበሯ
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ ሐረር፣ ጁገል ውስጥ ነው። ሦስት ክፍል አለው በሉት፦ ከፊት አሮጌው የድንጋይ ቤት (በሩ ላይ ስለካው ግድግዳው 58 ሴንቲ ሜትር ነው)፣ ከግቢው ማዶ በብሎኬት የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ፣ ከጥግ ደግሞ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ ሰርቪስ። ፋይበሩ የሚገባው በአሮጌው ቤት ትልቁ ክፍል ሲሆን ራውተሩ ግድግዳው ውስጥ ባለው የዕቃ መደርደሪያ ጎድጓዳ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀምጧል። ጥቅሉ 25 ሜጋ ነው።

በስልክ የለካሁት የሲግናል ጥንካሬ (በዲቢኤም፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር የተሻለ ነው) ይኸው። ራውተሩ አጠገብ −38፣ ፍጥነት 24 ሜጋ። ከግድግዳው ጀርባ ያለው ክፍል −71፣ 6 ሜጋ። ፎቁ ላይ −79፣ አንድ ሜጋ እንኳ አይሞላም። ሰርቪሱ −86፣ ስሙ ይታያል እንጂ አይገናኝም። ይህ ሁሉ በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው፤ 5 ጊጋኸርዙማ ከትልቁ ክፍል አይወጣም። ሱቅ ስጠይቅ ሁሉም ሪፒተር ግዢ ይለኛል። ምን ትላላችሁ?

ከዚራ ኬብል
አቦ፣ ቁጥር ይዞ የሚጠይቅ ሰው ሲገኝ ደስ ይላል። ግማሹ ሥራ አልቋል።

ራውተሩ አጠገብ 24 ሜጋ ካገኘሽ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከራውተሩ ወዲህ ነው። እነዚህ የሲግናል ቁጥሮች እንደ ተራ ቁጥር አይነበቡም። በየ3ቱ ቅናሽ ኃይሉ በግማሽ ይወርዳል፣ በየ10ሩ ወደ አንድ አሥረኛ። ከ−38 ወደ −71 ማለት አንድ ግድግዳ ሲያልፍ ሲግናሉ ወደ 2,000 ጊዜ ያህል ደከመ ማለት ነው። ለቪዲዮ ጥሪ −67 አካባቢ ወይም ከዚያ የተሻለ ያስፈልጋል፤ ከ−75 ወዲያ ያለው የስም ዋይፋይ ነው።

ሪፒተር የሰማውን ነው የሚደግመው። ፎቁ ላይ ብትሰኪው የሚሰማው −79 ነው፤ ያንኑ የተቆራረጠ ድምፅ ጮክ አድርጎ ይደግምልሻል። ስልክሽ ሙሉ ሲግናል ያሳያል፣ ኢንተርኔቱ ግን ያው ይሆናል። በዚያ ላይ ርካሾቹ በአንድ ሬዲዮ ተራ በተራ ስለሚያዳምጡና ስለሚናገሩ ካለው ፍጥነት ግማሹ እዚያው ይቀራል። ለ58 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ሪፒተር አይመከርም።

ምንም ሳትገዢ ግን ዛሬውኑ ራውተሩን ከጎድጓዳው አውጪው። እዚያ ውስጥ ሆኖ በሦስት ጎን ድንጋይ፣ በአንድ ጎን ቴሌቪዥን ነው ያለው። ከነደባው (ከመቀመጫ መደቡ) በላይ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ከፍታ፣ ወደ ግቢው በሚያወጣው በር በኩል ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሞገዱ በእንጨት በር በቀላሉ ያልፋል። ግድግዳው ላይ የተደረደሩት የብረት ሳህኖችና ትሪዎች ሲግናሉን ይመልሱታል፣ ከእነሱ አርቂው። የስንደዶው ሞሰብና ሙዳይ ግን ምንም አያደርግም።

ፋይበሩን ስታንቀሳቅሺ ቀስ በይ። ከ3 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ በላይ ጠበብ አድርገሽ አትጠፊው፣ በሚስማር አትምቺው፣ የአረንጓዴውን መሰኪያ ጫፍ በጣት አትንኪው። የቀረበው ገመድ ካልደረሰ ቆርጠሽ ለመቀጠል አትሞክሪ፤ ብርጭቆ ነው፣ የሚቀጠለው በራሱ ማሽን ነው። ካንቀሳቀስሽው በኋላ ሎስ የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ወይ ታጥፏል ወይ መሰኪያው በደንብ አልገባም።

ሳቢያን 12
ከከዚራ ጋር እስማማለሁ፣ ግን ሜሽ ለምን ተረሳ? ሦስት ቁራጭ ያለው የሜሽ ስብስብ ብትገዛ በአንድ ስም ቤቱን ሁሉ ይሸፍናል፣ ስልኩም ራሱ ይዘዋወራል፤ ገመድ መዘርጋት የለም።

ጋሽ ደቻቱ
ልጄ ሳቢያን፣ ሜሽ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግን ቁራጮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በዚያው በአየር ነው። አንዱ ቁራጭ ሌላውን ከ−60 እስከ −65 ባለው መጠን መስማት አለበት። እዚህ ቤት ውስጥ ግን አንድ ግድግዳ ብቻ −71 አድርሶታል። ሁለተኛውን ቁራጭ የት ታስቀምጠዋለህ? ግቢው መሃል ዝናብ ላይ? ሰው የሚሳሳተው ቁራጩን ሲግናል በሌለበት ክፍል በማስቀመጥ ነው። ቦታው ሲግናሉ ገና ጤነኛ የሆነበት መሃል መንገድ ነው፣ እዚህ ደግሞ መሃል መንገዱ ድንጋይ ነው።

በብሎኬት ለተሠራ፣ ክፍሎቹ ለተጠጋጉ የሳቢያን ቤት ሜሽ ያለ ገመድ ይሠራል። ለጁገል ግን ድንጋዩን ገመድ ይለፈው፣ አየሩ በየክፍሉ ይቅር። ሜሽ ከተገዛም ቁራጮቹ በገመድ ይያያዙ፤ ያኔ ልክ ነህ፣ እጅግ ጥሩ ይሆናል።

ሳቢያን 12
ጋሼ ልክ ነዎት፣ የግድግዳውን ውፍረት አላሰብኩበትም። በገመድ ይሁን።

ፈረስ መጋላ
የገመዱን ጉዳይ ለእኔ ተዉልኝ።

መጀመሪያ መንገዱን ለኪ። ከራውተሩ አዲስ ቦታ እስከ ፎቁ ድረስ በግድግዳ በግድግዳ ስንት ሜትር ነው? በዚያ ላይ መውጫ መውረጃውን፣ በየጫፉም አንድ አንድ ሜትር ትርፍ ጨምሪበት። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ስለሚሄድ ርዝመቱ አያሳስብም። የሚያሳስበው ጥራቱ ነው። ገበያው ላይ በርካሽ የሚሸጠው ብዙው ውስጡ አሉሚኒየም፣ ላዩ በመዳብ የተቀባ ነው። አንዱን ሽቦ በምላጭ ፋቂው፤ ነጭ ካወጣ አሉሚኒየም ነው፣ ሁለት ሦስቴ ሲታጠፍም ይሰበራል። ሻጩን ንጹሕ መዳብ በይው፣ ካት 5ኢም ካት 6ም ይበቃል። ግቢውን የሚያቋርጠው ክፍል ጥቁር የውጭ ገመድ ይሁን፤ ግራጫው የቤት ውስጥ ገመድ ፀሐይ ላይ ሲሰነብት ልባሱ ይሰነጠቃል፣ ውኃ ይገባዋል።

ግድግዳ ስለመብሳት፦ ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፣ አሮጌውን ግድግዳ በመሰርሰሪያ አትንኩት። የቅርሱ ጉዳይ ቢቀር እንኳ ድንጋዩ በጭቃ የተያያዘ ስለሆነ ረጅም ሰርሳሪ ሲገባ ውስጡ ይናዳል። ገመዱ በበሩ ወይም በመስኮቱ የእንጨት ክፈፍ ጥግ ይለፍ፤ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበቃዋል። ጭንቅላቱ (የጫፉ መሰኪያ) ከገመዱ ስለሚወፍር መጀመሪያ ገመዱን አሳልፋችሁ ቀጥሎ ጭንቅላቱን ግጠሙ። የብሎኬቱን ቤት መብሳት ይቻላል፤ ቀዳዳው ከውስጥ ወደ ውጭ ዝቅ ያለ ይሁን።

ከኤሌክትሪክ ገመድ ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ አታስገቡት። ጎን ለጎን የሚሄዱ ከሆነ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራራቁ፣ መሻገር ካለባቸው በመስቀል ይሻገሩ።

የሽቦዎቹ ቅደም ተከተል በሁለቱም ጫፍ አንድ ነው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። የጭንቅላቱ ምላስ ወደ ታች ሆኖ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚቆጠረው። ብዙ ባለሙያ ነኝ ባይ አረንጓዴውን ጥንድ አጠገብ ለአጠገብ ያስገባዋል። መሞከሪያው ከ1 እስከ 8 በተራ ይበራል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል፣ ነገር ግን ጥንዱ ስለተለያየ ገመዱ ረዘም ሲል ይቆራረጣል። ሌላው፣ የተጠማዘዘውን ሽቦ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ከሦስት ሚሊ በላይ አትፍቱት፤ ልባሱም ጭንቅላቱ ውስጥ ገብቶ ይነከስ። ልባሱ ውጭ ከቀረ ገመዱ በተነካ ቁጥር ይላቀቃል።

የሸዋበሯ
እግዜር ይስጥልኝ። መንገዱ 22 ሜትር ነው፣ መውጫ መውረጃው 6 ሜትር፣ ትርፉን ጨምሬ 30። 35 ሜትር ልግዛ። ሌላ ጥያቄ፦ ከፋይበሩ በፊት የነበረው የድሮ ሞደም ሳጥን ውስጥ አለ። የስልክ መስመር የሚሰካበት ነው፣ አራት ቢጫ ቀዳዳ አለው። ለፎቁ ሊሆን ይችላል?

ከዚራ ኬብል
በደንብ ይሆናል። የድሮዎቹ 2.4 ብቻ ናቸው፣ ቀዳዳቸውም 100 ሜጋ ነው፤ ለ25 ሜጋ ጥቅል ግን ይተርፋል። ሌላ ዕቃ ለመግዛት ከማሰብሽ በፊት ይህንን ሞክሪ።

መጀመሪያ ከራውተሩ ጋር ሳታገናኚው በኮምፒውተር ክፈቺው። ከኋላ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ 10 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ወደ ነበረበት መልሺው። ግቢና አድራሻውን ከ192.168.1.1 ወደ 192.168.1.2 ቀይሪ። የፋይበርሽ ራውተር ራሱ በ192.168.100.1 የሚሠራ ከሆነ ግን አሮጌውን 192.168.100.2 አድርጊው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች መመሳሰል አለባቸው። አድራሻው ሲቀየር ገጹ ይቋረጣል፣ በአዲሱ አድራሻ ተመልሰሽ ግቢ። ከዚያ ዲኤችሲፒ የሚለውን አጥፊ። ይህ ዋናው ነገር ነው። ለስልኮች አድራሻ የሚያድለው አንድ ብቻ መሆን አለበት፣ እሱም የፋይበሩ ራውተር ነው። የዋይፋዩን ስም፣ የይለፍ ቃሉንና የጥበቃውን ዓይነት ከዋናው ጋር በፊደል ሳይቀር አንድ አድርጊ፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያያል። ደብሊውፒኤስን (ያለ ይለፍ ቃል በቁልፍ የሚያገናኘውን) አጥፊ።

በመጨረሻ ገመዱን ከራውተሩ ቢጫ ቀዳዳ ወደ አሮጌው ሞደም ቢጫ ቀዳዳ። ሰማያዊ ወይም ዋን የሚል ቀዳዳ ካለው እዚያ አትሰኪው፤ እዚያ ከገባ ሌላ ኔትወርክ ይፈጥራል፣ ታች ያለው ፕሪንተርና ቴሌቪዥን ከፎቁ አይታዩም።

ሳቢያን 12
ቻናሉን አትርሺው። በ2.4 ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ታች 1 ከሆነ ፎቁ 6 ወይም 11 ይሁን። ጁገል ውስጥ ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ስለሆኑ መጀመሪያ ዋይፋይ አናላይዘር በሚባለው የስልክ መተግበሪያ የጎረቤቶቹን ተመልከቺ፤ ሰው የበዛበትን ተይ። 3 ወይም 8 ባዶ መስሎሽ አትምረጪ፤ ያኔ ከሁለት ወገን ጋር ትጋጫለሽ። ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ ላይ አድርጊ፣ 40 ሲሆን ከ2.4 ቦታ ግማሽ ያህሉን ይይዘዋል። የዋናው ራውተር 5 ጊጋኸርዝ ግን 80 ላይ ቢሆን ችግር የለም፣ ድንጋዩ ራሱ ከጎረቤት ይጠብቅሻል። ቻናሉን 36 ብትይው ጥሩ ነው፤ ከ52 እስከ 144 ያሉት ከራዳር ጋር የሚጋሩ ስለሆኑ ራውተሩ እየጠበቀ፣ አንዳንዴም ራሱን እየቀየረ ያስቸግራል።

ገንደቆሬ
ይቅርታ ክሩን ልጥለፍ። እኔ ድሬ ነኝ፣ በሲም ካርድ የሚሠራ የ4ጂ ራውተር ነው ያለኝ። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ነው፣ መስኮቱ ፊት ለፊት 2,000 ሊትር ሮቶ አለ። እዚህ የተባለው ለእኔም ይሠራል?

ጋሽ ደቻቱ
ገንደቆሬ፣ ያንተ ሁለት ችግር ነው፤ ከማማው ወደ ራውተሩና ከራውተሩ ወደ ስልኩ። መጀመሪያ የፊተኛውን ፍታ። ራውተሩ ገጽ ላይ አርኤስአርፒ (ከማማው የሚደርሰው ሲግናል ጥንካሬ) የሚል ቁጥር ታገኛለህ። −90 ወይም የተሻለ ከሆነ ጥሩ፣ −110 ከሆነ ደካማ ነው። ራውተሩን በየመስኮቱ እያዞርክ በየቦታው ሁለት ደቂቃ ጠብቀህ ቁጥሩን ጻፍ። ሮቶው ውኃ ከሞላ ለሬዲዮ ግድግዳ ነው፤ ባዶ ሆኖ ደህና የነበረ ሲግናል ውኃ ሲመጣ ይወርዳል። መስኮቱን ቀይር እንጂ ራውተሩን ጣሪያ ሥር አትስቀለው። ብዙዎቹ ራውተሮች የሚችሉት እስከ 40 ዲግሪ ነው፤ የድሬ ሰኔ ከሰዓት በኋላ ከቆርቆሮው ሥር ያንን አልፎ ይሄዳል። ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ከዚያ ራሱን ያጠፋል፣ ሰው ደግሞ ኔትወርክ ሄደ ይላል። የቀረውን ለራስህ ክር ክፈትና እዚያ እንነጋገር።

የሸዋበሯ
ሁሉንም አደረግሁ። ራውተሩ ከጎድጓዳው ወጥቶ በሩ አጠገብ ሲሆን ከግድግዳው ጀርባ ያለው ክፍል ከ−71 ወደ −63 ተሻሻለ፣ አሁን 17 ሜጋ። ፎቁ በአሮጌው ሞደም −44፣ 24 ሜጋ። ሦስት ነገር ቀርቷል። አንደኛ፣ ስልኬ ወደ ፎቁ ስወጣ የታችኛውን አይለቅም፣ −77 ላይ ሆኖ እንኳ ይዞት ይቆያል። ሁለተኛ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አንዳንድ ስልኮች ተገናኝተዋል ይላሉ፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ሦስተኛ፣ ሰርቪሱ በሩ ሲከፈት −66፣ ሲዘጋ −82 ነው።

ከዚራ ኬብል
ከሁለተኛው ልጀምር፣ እሱ ያስቸኩላል። ችግሩ ያለበት ስልክ ላይ የዋይፋዩን ዝርዝር ክፈቺና ጌትዌይ የሚለውን እዪ። የዋናውን ራውተር አድራሻ ካላሳየ፣ የአሮጌውን ሞደም ካሳየ ዲኤችሲፒው አልጠፋም። አንዳንዶቹ ሞደሞች ሴቭ ከሚለው በተጨማሪ ወደ ቋሚ ማህደር አስቀምጥ የሚል ሌላ ቁልፍ አላቸው፤ ያ ካልተጫነ መብራት ሲጠፋ ወደ ድሮው ይመለሳሉ። አጥፍተሽ፣ አስቀምጠሽ፣ ሶኬቱን ነቅለሽ ሰክተሽ እንደገና ገብተሽ አረጋግጪ።

ስለ ስልኩ፦ መቼ እንደሚዘዋወር የሚወስነው ስልኩ ነው። ለምሳሌ አይፎን ሌላ መፈለግ የሚጀምረው የያዘው ከ−70 ሲወርድ ነው፤ ሌሎች ከዚያም በላይ ይታገሳሉ። የታችኛውን ራውተር የ2.4 ጉልበት ከሙሉ ወደ መካከለኛ ዝቅ አድርጊው። ሰው ሁሉ ጉልበት መጨመር ነው የሚፈልገው፤ ግን ራውተሩ ቢጮህም ስልኩ በዚያው ልክ መልሶ መጮህ አይችልም፣ ሲግናሉ ይታያል እንጂ ሥራው አይሄድም። ታች ሲቀንስ ፎቁ ላይ −80ን ያልፋል፣ ስልኩም ይለቀዋል። ግን ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ክፍል እንደገና ለኪ፤ ከ−67 ከባሰ ወደ ነበረበት መልሺው።

ፈረስ መጋላ
ሰርቪሱ ቆርቆሮ ስለሆነ ሲግናል ከውጭ አያልፈውም። የብረት ሳጥን ነው፣ በሩ ሲከፈት ብቻ የሚተነፍስ። ፎቁ ላይ ካለው ሞደም ከተረፉት ቢጫ ቀዳዳዎች ባንዱ ሁለተኛ ገመድ ወደ ሰርቪሱ ውረጂ፣ በጣሪያው ክዳንና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት አስገቢው። የቆርቆሮው ጠርዝ ገመዱን እንዳይቆርጠው ባለበት ቦታ ላስቲክ ቱቦ አልብሺው። ውስጥ ያለው ማንኛውም ትንሽ ባለ 2.4 ራውተር ይበቃል፣ አቀማመጡ እንደ ፎቁ ሞደም ነው፤ አድራሻው በ3 ያብቃ፣ ቻናሉ ከቀሩት። ኩሽናው በዚያ በኩል ከሆነ ከማይክሮዌቭ ሁለት ሜትር አርቂው፤ ሲሠራ 2.4ን ይረብሻል።

ጋሽ ደቻቱ
መብራት ካነሳችሁ፦ ፋይበሩ ከጣቢያው እስከ ቤት መብራት አይፈልግም፤ መንገድ ላይ ያለው መከፋፈያ ብርጭቆ ብቻ ነው። ስለዚህ ራውተሩ ባትሪ ካለው፣ ጣቢያውም ተጠባባቂ ኃይል ካለው መብራት ጠፍቶም ኢንተርኔት ይሠራል። ብዙዎቹ ራውተሮች 12 ቮልት ናቸው፣ ግን 9 ቮልትም አለ፤ አዳፕተሩን አንብቢ። ትናንሾቹን ባትሪዎች 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ብለው ይሸጧቸዋል፤ ያ የሚቆጠረው በ3.7 ቮልት ነው፣ 37 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ወደ 12 ሲቀየር የሚባክነው ሲቀነስ 30 ያህል ይቀራል። ራውተርሽ 10 ዋት ከበላ ሦስት ሰዓት ነው፣ ሻጩ 8 ቢልሽም። የፎቁ ሞደምም የራሱ ባትሪ ያስፈልገዋል፤ ታች ብቻ ቢሰካ ፎቁ መብራት በሄደ ቁጥር ይጠፋል።

ሌላው ምጣድ ነው። እንጀራ ሲጋገር ቮልቴጁ ወርዶ ራውተሩ የሚነሣ ከሆነ አዳፕተሩን እዪ። ከ100 እስከ 240 የሚል ይታገሣል፤ 220 ብቻ የሚለውን ቀይሪው።

የሸዋበሯ
ወደ ቋሚ ማህደር የማስቀመጫው ቁልፍ አልተጫነም ነበር፣ ተስተካክሏል፤ ሁለቴ መብራት ሄዶ መጣ፣ ሁሉም ስልኮች ደህና ናቸው። ጉልበቱን ዝቅ ሳደርግ የኋላው ክፍል −66 ላይ ቆመ፣ ስልኩም ፎቁ ላይ ይቀይራል። የሰርቪሱን ገመድ ነገ ነው የምዘረጋው። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ በክዳኑ ሥር ሲገባ የዝናብ ውኃ ገመዱን ተከትሎ ራውተሩ ላይ አይንጠባጠብም?

ፈረስ መጋላ
ይንጠባጠባል። ከመግቢያው በፊት ገመዱን ከቀዳዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርገሽ እንደ ማንጠልጠያ አጉብጠሽ ከዚያ ወደ ላይ አስገቢው፤ ውኃው ከጉብጠቱ ታች ይወድቃል። ጉብጠቱ ግን ሰፊ ይሁን፣ አትጠፊው። ራውተሩንም ከመግቢያው በታች አታስቀምጪ፣ ወደ ጎን አንድ ሜትር ይራቅ።